አምስቱ ዘቦች ማንን ይዋጉ?

አምስቱን ዘቦች ያወቅኋቸው አባቴ ሱቅ ውስጥ ነው። ሱቁ ጎንደር፣ አዲስ ዓለም፣ ከመስጊዱ ወረድ ብሎ ነበር፤ አባቴ አቡጀዲና ደብተር ይሸጥበታል። ከባንኮኒው ሥር በጨርቅ የተጠቀለሉ አሥራ አንድ ቀጫጭን የሥዕል መጽሔቶች ነበሩት። በወጣትነቱ የገዛቸው፣ በስቴንስል የተባዙ፣ ጥቁርና ነጭ ብቻ ናቸው። ደንበኛ ሲጠፋ አንዱን ያወጣና ጭኑ ላይ ዘርግቶ፣ ሥዕሉን በጣቱ እየተከተለ ያነብልኛል።

ታሪኩ ቀላል ነው። ከባሕር ማዶ ብረት የለበሰ ጦር ይመጣል፤ አምስት ዘቦች ከሰሜን ተራሮች ወርደው ያስቆሙታል። አንዱ ቤት የሚያህል ድንጋይ በጫንቃው ይሸከማል። አንዱ የአንድ ቀን መንገድ ርቆ የሚያወራን ሰው ይሰማል። አንዱ ፈረሱን ገደል ላይ ያስጋልባል። አንዱ ጥይት የማይበሳው ሽማግሌ ነው። አምስተኛዋ ሴት ናት፤ ጉም ሆና ትሰወራለች፤ ግን አብዛኛውን ጊዜ ውኃ ስታመላልስና ቁስል ስታጥብ ነው የምትታየው። አምስቱም ሰንደቅ ዓላማ ከትከሻቸው እስከ ወገባቸው ይታጠቃሉ። አባቴ እየሳቀ፣ "እነዚህ እያሉ ማን ይነካናል!" ይለኝ ነበር።

አሥራ አንደኛው ቁጥር ፈረሰኛው ገደል አፋፍ ላይ እንደቆመ ያበቃል። አሥራ ሁለተኛው አልወጣም። ለምን ብዬ ስጠይቀው አባቴ፣ "ወረቀት ጠፍቶ ይሆናል" አለኝ። የሚያስታውሷቸው ሰዎች ሁሉ የሚሉት ይህንኑ ነው።

አባቴ ሞተ፤ ሱቁም ተዘጋ። እኔ በአንድ የግል ትምህርት ቤት የሥዕል አስተማሪ ሆኜ ከእናቴ ጋር መኖር ቀጠልሁ። ሥዕሎቼን ኢንተርኔት ላይ እለጥፍ ስለነበር አንድ ቀን ከአዲስ አበባ ስልክ ተደወለልኝ። የደወለችው የአንድ አዲስ አሳታሚ ድርጅት አዘጋጅ ናት።

"አምስቱን ዘቦች ታውቂያቸዋለሽ?"

"በቃሌ ነው የማውቃቸው።"

"ለዛሬ አንባቢ እንደገና ልናወጣቸው ነው። በሙሉ ቀለም፣ በጥሩ ወረቀት። ሠዓሊው እዚያው ጎንደር አሉ ይባላል። የሳቸውን ፈቃድ ካመጣሽ ሥዕሉ ያንቺ ነው። የመጀመሪያውን ቁጥር ስትጨርሺ ደግሞ እዚህ ቢሮ ቋሚ ሥራ አለ።"

ከጎደለኝ ነገር ሁሉ ይበልጥ የፈለግሁት ያንን የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ነበር። ጎንደርን ጠልቼ አይደለም። ግን ትምህርት ቤቱ በተከፈተ በሳምንቱ ይዘጋል፤ ባጃጅ ዛሬ ይሠራል፣ ነገ ይታገዳል፤ ጓደኞቼ አንድ በአንድ ሄደው አልቀዋል። ሠላሳ አራት ዓመት ሞልቶኝ ነበር፤ ከቤት እስከ ትምህርት ቤት ካለችው ዳገት ሌላ የረገጥሁት መሬት የሌለ ይመስለኝ ነበር።

ሽማግሌውን በሥራቸው ፈልጌ አገኘኋቸው። ፒያሳ አካባቢ አንድ ጫማ ሰፊ፣ "ታፔላ የሚጽፉት አያ?" ብሎ ከሱቆቹ ጀርባ ያለች አንዲት ክፍል አሳየኝ። ትክል ድንጋይ በምትባል የገጠር ከተማ ተወልደው፣ ሥዕልን ከቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎች ተምረው፣ ሕይወታቸውን ከተማ ውስጥ ያሳለፉ ሰው ናቸው። ዓይናቸውን ሞራ ሸፍኖታል። በሩ ላይ ሰው መኖሩን እንጂ ማን እንደሆነ አያዩም።

"ምነው ቆምሽ? ግቢ እንጅ።"

"አምስቱን ዘቦች የሣሉት እርስዎ ነዎት?"

እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ደረቀ። "ማን ላከሽ?" አሉኝ።

አባቴ ያነብልኝ እንደነበር፣ አሁን ደግሞ አዲስ አበባ ያሉ ሰዎች ሊያሳትሟቸው እንደሚፈልጉ ነገርኳቸው። የአባቴን ሱቅ ስጠቅስላቸው ፊታቸው ፈታ አለ። "ታፔላውን የጻፍሁት እኔ ነኝ" አሉ። ከዚያ ብዙ ጠየቁኝ። በምን እንደምሥል፣ ፈረስ መሣል እችል እንደሆን፣ እናቴ ደኅና መሆኗን።

"እሽ። ሸጋ አድርገሽ ሣያቸው" አሉ በመጨረሻ። "አንድ ነገር ብቻ። የአገራቸውን ሰው እንዳይመቱ።"

"እሺ አያ" አልሁ። እንዴት ቀሎኝ ነበር! ፈቃዱን ለኔ ብቻ፣ በስሜ አስጽፈው፣ በግራ እጃቸው ፈረሙ።

የመጀመሪያዎቹን ገጾች በደስታ ሠራሁ። ለእያንዳንዱ ዘብ አዲስ ልብስ፣ አዲስ ጫማ አሰብሁላቸው። አዘጋጇ በየቀኑ ትደውላለች፤ ሴቷ ከውኃ ቀጂነት ወጥታ መሪ ትሁን ስትል ሁለታችንም ተስማማን። ከዚያ የታሪኩ ቀሪ ክፍል በኢሜይል መጣ። አምስቱ ዘቦች አሁን የሚዘምቱት ወደ ባሕር አይደለም። ወደ ተራራ ነው። እዚያ የሚጠብቃቸው ጠላት የኛን ቋንቋ ይናገራል፣ የኛን ጋቢ ይለብሳል። አሥራ አራተኛው ገጽ ላይ ድንጋይ ተሸካሚው ድንጋዩን መንደር ላይ ይጥለዋል።

ያንን ካነበብሁ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ኢንተርኔት ተቋረጠ። የአዲስ አበባው መንገድም ተዘጋ። ስልክ ግን ይሠራ ነበር።

"ይህን መለወጥ አንችልም?" አልኋት አዘጋጇን።

"የዛሬ አንባቢ የዛሬን ነገር ነው የሚፈልገው። አንቺ ዝም ብለሽ ሣዪ። ደግሞ የሰንደቁን ነገር አትርሺ፤ ዓርማው በግልጽ ይታይ።"

ድሮ ይህ ጥያቄ አልነበረም። በአባቴ መጽሔቶች ላይ ሰንደቁ ሦስት ግራጫ መስመር ብቻ ነው። ቀለም ሲገባበት ግን ባለ ዓርማ ይሁን ያለ ዓርማ የሚለው ነገር ከፊቴ ቆመ። ዓርማ ባደርግበት አንዱ ወገን ይቀየማል፤ ባላደርግበት ሌላው ይጠረጥረኛል። ለጊዜው በእርሳስ ትቼው ወደ ፊት ቀጠልሁ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ከትምህርት ቤት ስመለስ ፍተሻ ላይ አንድ ወታደር ቦርሳዬን ከፈተ። ከእኔ ተማሪዎች ብዙም የማይበልጥ ልጅ እግር ነው። ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አገላበጠ፤ ጥይት የማይበሳው ሽማግሌ ላይ ሲደርስ ቆመ።

"ይሄ የማን ወገን ነው?"

"የማንም። ተረት ነው፤ ለልጆች።"

"ጠመንጃ የያዘ ተረት?" ሰንደቁን በጣቱ ነካ። "እዚህ ላይ ዓርማው የታለ?"

"ገና አላለቀም።"

ለጓደኛው አሳየው፤ ጓደኛው ትከሻውን ነቀነቀ። ሌሎቹን መልሶልኝ ያችን ገጽ አጥፎ ኪሱ ከተተ። ሠፈር ስደርስ ደግሞ አንድ ጎረቤታችን በር ላይ ጠበቀኝ። ነገሩን ከማን እንደሰማ አላውቅም።

"ጎበዝ ነሽ አሉ" አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ዓርማ እንዳታደርጊበት ታዲያ። ጸጉራቸውንም አሳድጊው፤ የኛ መሆናቸው ይታወቅ።"

"እሺ" አልሁት። ለሽማግሌውም "እሺ" ብያለሁ፤ አዘጋጇንና ወታደሩንም እንቢ አላልኋቸውም። ቤት ገብቼ በሩን ቆለፍሁና ለእናቴ ራሴን አሞኛል ብዬ ተኛሁ።

በማግሥቱ ወደ አያ ሄድሁ። ሄጄ የማደርገው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ማየት ስለማይችሉ ገጾቹን እያንዳንዷን ሳጥን በቃል እነግራቸዋለሁ። ያን ቀን አሥራ አራተኛውን ገጽ ነገርኳቸው። ገና አልሣልኩትም፣ ግን ሣዪ ተብያለሁ አልኋቸው።

ቀኝ እጃቸውን በግራቸው ማሸት ጀመሩ። ጣቶቹ ቆልመም ብለው የደረቁ ናቸው፤ በሽታ ይመስለኝ ነበር።

"አሥራ ሁለተኛውን ቁጥር ሣል ብለው ሹሞቹ ጠሩኝ" አሉ። "ያን ጊዜ ደግሞ ሌላ ጦርነት ነበር፤ እርስ በርስ። ዘቦቹ ይዝመቱ አሉኝ። ጠላቱ ምን ይመስላል ብላቸው የነገሩኝ መልክ ቁርጥ ያጎቴን ልጅ ነው። እንቢ የሚል አንጀት አልነበረኝም። እሽ አልሁና ወጣሁ። ከዚያ ወጌሻ ቤት ሄጄ፣ ደኅናውን እጄን አሳሰርሁት። ከበቅሎ ወደቅሁ አልኋቸው።"

"ለስንት ጊዜ ታሰረ?"

"ሁለት ዓመት። እየመጡ ያዩ ነበርኮ። ሲፈታ ጣቶቼ እውነትም አልታዘዝ አሉ። በግራዬ ታፔላ መጻፍ ለመድሁ።"

"ማንም አላወቀም?"

"ማንም። ሚስቴ ሁለት ዓመት ሙሉ በጇ ስታጎርሰኝ ኖረች። ሳልነግራት ሞተች።"

ወረቀት ጠፍቶ ይሆናል ያለውን የአባቴን ድምፅ አስታወስሁ። "ታዲያ እኔ ምን ላድርግ?" አልኋቸው።

"እኔ እንጃ ልጄ። ብቻ እኔ ያደረግሁትን አታድርጊ። እጅሽን ትፈልጊዋለሽ።"

ከዚያ ብዙ ሳይቆይ ውጊያው ከተማ ገባ። ጠዋት ነበር፤ እናቴ ልብስ እያጠበች ሳለ ተኩሱ ከዳገቱ በላይ ጀመረና ከሰዓት በፊት ሠፈራችን ደረሰ። መስኮት የሌለው ቦታ ኮሪደሩ ብቻ ስለሆነ ፍራሽ ዘርግተን እዚያ ተቀመጥን። ተከራያችንም ከኛ ጋር ነበረች፤ ከአይከል የመጣች፣ የመጀመሪያ ልጇን ያረገዘች ወጣት ናት። ባሏ ሹፌር ነው፤ መንገዱ ሲዘጋ አይከል ቀርቷል። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ ሥዕሉን ቀለም የምቀባበትን ታብሌት እንደ ጋሻ ደረቴ ላይ አቅፌ ዋልሁ። አንድ መስመር አልሣልኩም።

በሁለተኛው ቀን ጠዋት ምጧ መጣ። አምቡላንስ ስንጠራ፣ "መንገድ ሲከፈት እንመጣለን" አሉን። ረፋዱ ላይ ጩኸቷ እየጠነከረ፣ ልጁ ግን አልመጣ ሲል፣ እናቴ ተነሣች።

"በሩን ንቀሉት" አለች።

የጓዳውን በር ነቅለን ፍራሽ አነጠፍንበት። እናቴ በግቢው አጥር ላይ ጎረቤት ተጣራች። አንድ ልብስ ሰፊ መጣ፤ ከፊት ለፊታችን የሚኖር ዲያቆን መጣ፤ ሁለት የቀን ሠራተኞች መጡ፤ አራቱም ልጅቱን በሩ ላይ አስተኝተው ተሸከሙ። ጉልበቷን የሚያማት እናቴ ነጭ ነጠላዋን በመጥረጊያ እንጨት ላይ አስራ ፊት ፊት ሄደች። እኔ የሕፃኑን ልብስ የያዘ ፌስታል ይዤ ከኋላ ተከተልሁ። የሠራሁት ያንን ብቻ ነው፤ እሱንም አጎንብሼ።

አስፋልቱ ላይ ስንደርስ፣ "ቁሙ! ተመለሱ!" የሚል ድምፅ መጣ። ከድንጋይ ክምር ኋላ ወታደሮች ነበሩ። ሁላችንም ቀጥ አልን። እናቴ ነጠላዋን ከፍ አደረገችው።

"ልጄ፣ ምጥ ተመለስ ቢሉት ይመለሳል?" አለችው።

አንዱ መጥቶ ብርድ ልብሱን ገለጥ አደረገ፤ ወዲያው ፊቱን አዞረ። በእጁ እለፉ አለን። ሁለት መቶ እርምጃ ያህል ወርደን ደግሞ ከአንድ አጥር ሥር ሌሎች ታጣቂዎች ብቅ አሉ።

"ከነሱ ጋር ምን ተነጋገራችሁ?"

"ለነሱ ያልሁትን ነው ለናንተም የምለው። ምጥ ነው" አለች እናቴ።

ይህን ጊዜ የልብስ ሰፊው ጉልበት ከዳውና በሩ ወደ አንድ ጎን ዘመመ፤ ልጅቱ ጮኸች። ከታጣቂዎቹ አንዱ ጠመንጃውን ወደ ኋላው ወርውሮ የበሩን ጠርዝ ያዘ። እስከ መታጠፊያው ድረስ ተሸከመላት። መታጠፊያው ላይ፣ "ከዚህ አላልፍም" አለና ለልብስ ሰፊው መልሶ ሰጠው፤ እየሮጠ ተመለሰ። ስሙን አልጠየቅነውም።

ሆስፒታል ደረስን። ሴት ልጅ ወለደች፤ ሁለቱም ደኅና ሆኑ። እኛ ግን ሁለት ቀን መውጣት አልቻልንም። በዚያ ኮሪደር ውስጥ፣ ሰው በሰው ላይ ተኝቶ፣ ሰው የጣለው የራጅ ፖስታ አግኝቼ ጀርባው ላይ መሣል ጀመርሁ። በሩን ሣልሁ። ከበሩ አንዱን ጠርዝ ድንጋይ ተሸካሚው ያዘው። ተኩሱ ወዴት እንዳለ ሩቅ ሰሚው ጆሮውን አዘንብሎ ይነግራቸዋል። ፈረሰኛው ከፈረሱ ወርዶ፣ ጥይት የማይበሳው ሽማግሌም ከጎኑ ሆኖ ተሸከሙ። ጉም የምትሆነዋን ሴት ስደርስባት እጄ ቆመ። ችሎታዋ መሰወር ነው፤ እዚህ ግን መታየት አለባት። ነጠላ አስይዣት ፊት አስኬድኋት።

ወደ ቤት ስንመለስ ሙሉውን ቁጥር በሦስት ሳምንት ጨረስሁት። ኢንተርኔት ያለው ቢሮ የምትሠራ አንዲት የማውቃትን ሴት ለምኜ ላክሁት። አዘጋጇ በማግሥቱ ደወለች።

"ጠላቱ የታለ?"

"የለም።"

"ስድስት ገጽ ሙሉ በር ተሸክመው ነው እኮ የሚሄዱት!"

"አዎ።"

ተነፈሰች። ክፉ ሰው አልነበረችም፤ ድምፅዋ ውስጥ የኔው ዓይነት ድካም ነበር። "ሥዕሉ ጥሩ ነው። ግን እኔንም ከላይ የሚጠይቀኝ አለ። አንድ ነገር እናድርግ። ፈቃዱን ወደኛ አዙሪው፤ ሌላ ሠዓሊ ይሠራዋል። ያንቺ ሥራ እዚህ ይጠብቅሻል፣ ቃሌ ነው። መንገዱ ከተዘጋ በአውሮፕላን ነይ፤ ትኬቱን እንቆርጣለን።"

ሦስት ቀን አሰብሁ። እናቴ፣ "ፈርሚና ሂጂ፤ እኔን ምክንያት አታድርጊ" አለችኝ። ደብዳቤውን ጻፍሁት፤ ፊርማ ብቻ ቀረው። ይዤው ወደ አያ ሄጄ አነበብሁላቸው። እንዲቆጡ፣ እንዲከለክሉኝ ፈልጌ ነበር።

"ወረቀቱ በስምሽ ነው" አሉ። "አንቺ ታውቂያለሽ።"

"ቢከለክሉኝ ይሻለኝ ነበር" አልኋቸው ጮክ ብዬ።

"አውቃለሁ ልጄ። እኔንም የከለከለኝ ሰው ቢኖር ይሻለኝ ነበር።"

ተቆጥቼ ወጣሁ። ቤት ገብቼ ብዕር አነሣሁ። አንድ የማላውቀው ሠዓሊ፣ ያንን ድንጋይ መንደር ላይ ሲጥለው፣ ከመንደሩ ቤቶች አንዱ የጓዳ በር የሌለው ሆኖ ታየኝ። ብዕሩን አስቀምጬ ደወልሁ። አልፈርምም አልኋት። ጀግንነት የሚመስል ነገር አልነበረበትም፤ እያለቀስሁ ስለነበር ሁለት ጊዜ ነው ያስደገመችኝ። ሥራው በዚያው ቀረ።

ቁጥሩን በጥቁርና ነጭ ሠላሳ ያህል ፎቶ ኮፒ አስደረግሁት። እንዲህ ሲሆን ሰንደቁ ተመልሶ ሦስት ግራጫ መስመር ሆነ። ለሰባተኛ ክፍል ተማሪዎቼ አደልኋቸው። አንዷ፣ "ጉሟ ሴትዮ ለምን አልተሰወረችም?" ብላ ጠየቀች። ከእኔ ቀድማ ከኋላ የተቀመጠች ልጅ፣ "ካላዩአት ይተኩሱባቸዋላ!" አለቻት። ልጆቹ ስለ በሩ ክብደት ሲከራከሩ ክፍለ ጊዜው አለቀ።

በአራተኛው ቀን ርእሰ መምህሩ ጠራኝ። ጠረጴዛው ላይ አንዱ ቅጂ ነበር።

"ሥዕልሽ ያምራል" አለኝ። "ግን አንድ ወላጅ የነዚያ ናቸው ብሎኛል፤ ሌላው ደግሞ የነዚህ ናቸው ይላል። ትምህርት ቤቱን እንዳታዘጊብኝ። ሰብስቢው።"

ሰበሰብሁ። ከሠላሳው አሥራ ዘጠኝ ተመለሰልኝ። ሌሎቹ ጠፋብን አሉ፤ ዓይናቸው ግን ይስቅ ነበር። ለአያ ስነግራቸው የጠየቁኝ ስለ ፈረሱ ነው፤ በር ሲሸከሙ ፈረሱን ማን ያዘው? እውነትም ረስቼው ነበር። ሥራው እንደቀረብኝ፣ እንግዲህ ከዚህ እንደማልወጣ ስነግራቸው፣ "እኔም አልወጣሁ" ብለው ውኃ እንድቀዳላቸው ጠየቁኝ።

የተመለሱትን ቅጂዎች አባቴ መጽሔቶቹን በሚጠቀልልበት ዓይነት ጨርቅ ላይ ስደረድር እናቴ መጥታ አንዱን አነሣች። እስከዚያ ቀን አላየችውም ነበር። መነጽሯን አድርጋ፣ ከንፈሯን እያነቃነቀች፣ ገጽ በገጽ ሄደች። ነጠላ የያዘችው ሴት ላይ ስትደርስ ቀና አለች።

"ይቺ እኔ ነኝ?"

"ትንሽ።"

"አፍንጫዬን አበዛሽው" አለች። መልሳ አየችውና፣ "ጉልበቷንም አያማትም እንዴ? እንዲህ ቀጥ ብላ የምትሄደው" አለችኝ።

ልመልስላት አፌን ስከፍት ከዳገቱ በኩል ተኩስ ተሰማ፤ ቀጥሎ ሌላ። ተከራያችን ሕፃኗን አቅፋ ገባች። ፍራሹን ጎትተን ኮሪደሩ ላይ ዘረጋነው፤ እናቴ ወረቀቱን ሳትለቀው ግድግዳውን ተደግፋ ተቀመጠች።